የዓይን ሕመም የደም ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል እንወቅ

(በካኩማ ካምፕ ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

  እኔ በካምፓችን ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ የምሠራ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ነኝ። በነርሲንግ ሙያ በዲፕሎማ ተመርቄአለሁ። በዕድሜ የልጆቻችሁ እኩያ ነኝና ዛሬ የምናገረውን እንደ ልጃችሁ ሆናችሁ አዳምጡኝ። ያልገባ ነገር ካለ በየብሎካችሁ ስመጣ ጠይቁኝ።

የዛሬው ርእሳችን የዓይን ሕመምና የደም ካንሰር ነው። የደም ካንሰር በሕክምና ስሙ ሉኪሚያ ይባላል። «ዓይንና ደም ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ግንኙነታቸው ብዙ ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ በሽታ ሌላ ቦታ ሳይታወቅ በመጀመሪያ የሚታየው ዓይን ላይ ነው። በጊዜ የተደረሰበት ሰው የመዳን ዕድል አለው፤ የዘገየበት ሰው ግን ዓይኑን፣ ከዚያም አልፎ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። እንደምታውቁት በዚህ በቱርካና ምድር አቧራውና ነፋሱ የማያስለቅሰው ዓይን የለም። ዓይናቸው ከሚቀላ መቶ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ የያዛቸው አቧራ፣ የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ ነው። የደም ካንሰር ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። ችግሩ ግን፣ የዓይን ሕመም ስለለመድን ሁሉንም «አቧራ ነው» ብለን ማለፋችን ነው። ስለዚህ የተለመደውን ካልተለመደው መለየት ያስፈልገናል።

ሉኪሚያ ምንድን ነው?

ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። መቅኔ ሦስት ዓይነት የደም ሕዋሳትን ያመርታል። አንደኛው ቀይ የደም ሕዋስ ሲሆን፣ አየር ተሸክሞ ለሰውነት ያዳርሳል። ሁለተኛው ነጭ የደም ሕዋስ ሲሆን፣ ሥራው ሰውነትን ከተባይና ከጀርም መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ፕሌትሌት ይባላል፤ ስንቆረጥ ደሙ እንዲረጋና እንዲቆም የሚያደርገው እርሱ ነው።

በሉኪሚያ ጊዜ መቅኔው ያልበሰሉና ሥራቸውን የማይችሉ ነጭ ሕዋሳትን ያለ ልክ ማምረት ይጀምራል። አረም እህልን እንደሚያፍን እነዚህም ደህናዎቹን ሕዋሳት ቦታ ያሳጧቸዋል። በመሆኑም ቀይ ሕዋስ ያንስና ሰውየው ይገረጣል፣ ይደክመዋል። ደህናው ነጭ ሕዋስ ያንስና ትኩሳትና ቁስል ይመላለስበታል። ፕሌትሌት ያንስና ያለ ምክንያት ይደማል። ሉኪሚያ የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ነጭ ደም» ማለት ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣለት ሩዶልፍ ፊርሆ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር።

በሽታው ሕፃንም ሽማግሌም ይይዛል። ልጆችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት በተለይ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉት ላይ ይበዛል። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ቀስ እያለ ለዓመታት የሚሄድ ዓይነትም አለ።

ዓይን ላይ ለምን ይታያል?

በዓይናችን ውስጥ በስተኋላ በኩል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። የምናየውን ነገር የሚቀበለው እርሱ ነው። በላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። ሐኪም በመመርመሪያ መብራት በብሌን በኩል ወደ ውስጥ ሲመለከት እነዚህን ሥሮች በቀጥታ ያያቸዋል። ሰውነትን ሳይቀዱና ሳይወጉ የደም ሥርን ማየት የሚቻልበት ቦታ ይህ ነው። ስለዚህ ደም ሲታመም ዓይን ይመሰክራል።

በሉኪሚያ ምክንያት በዓይን ላይ የሚደርሱት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. በዓይን ውስጥ መድማት። ፕሌትሌት ሲያንስና ደም ሲቀንስ ሬቲናው ይደማል። መካከሉ ነጭ የሆነ የደም ነጠብጣብም ሊታይ ይችላል። ደሙ የፈሰሰው ከማያው መካከል ላይ ከሆነ ሰውየው ሳያመው በድንገት ይደበዝዝበታል፤ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ፊቱ ላይ ይቆምበታል። ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን ምንም ላይሰማው ይችላል።

2ኛ. የዓይን ነጩ በደም መሸፈን። ይህ በኃይለኛ ሳል፣ በማስመለስ ወይም በመመታትም ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ በራሱ ይጠፋል። ነገር ግን ያለ ምክንያት የሚመላለስ ከሆነ፣ ወይም ከነስርና ከድድ መድማት ጋር ከመጣ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

3ኛ. የዓይን ወደ ውጭ መውጣት። የካንሰሩ ሕዋሳት ከዓይን በስተኋላ ተከማችተው እብጠት ይሠራሉ፤ ዓይኑንም ወደ ፊት ይገፉታል። ይህ ዓይነቱ እብጠት ክሎሮማ ይባላል፤ ተቆርጦ ሲታይ አረንጓዴ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት። በእኛ አካባቢ ባሉ ልጆች ላይ ይህ አዲስ አይደለም፤ በኡጋንዳ የሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚሁ ጽፈው አሳትመዋል። ልብ በሉ፤ እብጠቱ አንዳንድ ጊዜ በደም ምርመራ ላይ ምንም ከመታየቱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ሊመጣ ይችላል።

4ኛ. የዓይን መንሸዋረር ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት። በሽታው ወደ አንጎል ሽፋን ሲደርስ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ይደክማሉ። ራስ ምታትና ማስመለስም አብሮ ይመጣል። የማያው ነርቭ ራሱ ከተነካ ዓይን በአጭር ጊዜ ሊጠፋ ስለሚችል ይህ ለነገ የማይባል ጉዳይ ነው።

እቤት ውስጥ ምን እንመልከት?

እናቶች፣ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። በቀን ብርሃን ልጁን ከደጅ አስቀምጡት። የታችኛውን የዓይን ቆብ በንጹሕ ጣት ዝቅ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ቀላ ያለ መሆን አለበት። እንደ ወረቀት ከነጣ ደሙ አንሷል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ወባም፣ የሆድ ትልም፣ የምግብ እጥረትም ደም ያሳንሳል። ስለዚህ ዓይንን ብቻ አንመለከትም። ዓይኑ ላይ ችግር ካለ አብሮ የሚከተሉትን ፈልጉ፦

— የወባ መድኃኒት ጨርሶ የሚመለስ፣ ወይም ወባ የለበትም ተብሎ የማይለቅ ትኩሳት፤
— ያለ ምክንያት ነስር፣ የድድ መድማት፤
— በእግርና በሆድ ላይ ቁንጫ የነከሰ የሚመስል፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ነጠብጣብ፤ ሳይመታ የሚበልዝ ገላ፤
— የአጥንት ሕመም፤ ልጁ ሳይወድቅ ማነከስ ወይም «እቀፉኝ» ብሎ አልራመድም ማለት፤
— በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ንፍፊት፤ በጣፊያ ምክንያት የሆድ ማበጥ፤
— ክብደት መቀነስና ከጨዋታ መራቅ።

ከዓይኑ ችግር ጋር ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ካሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ዓይኑ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ወይም ማየት በድንገት ከቀነሰ ደግሞ ሌላ ምልክት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

ዓይንን የሚገፋ ሌላም በሽታ አለ። ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳወቀው የልጆች ካንሰር መንጋጋንና ዓይንን ያሳብጣል፤ ወባ በሚበዛበት ቆላ ይታያል። በጣም ፈጥኖ ያድጋል፤ ነገር ግን በመድኃኒት ይድናል። እንዲሁም ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብሌኑ በብርሃን ነጭ ሆኖ ካንጸባረቀ፣ በስልክ ፎቶም አንዱ ዓይን ነጭ ከመሰለ፣ የራሱ የዓይን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ይታይ። እነዚህን ሁሉ እናንተ መለየት የለባችሁም። የእናንተ ድርሻ ቶሎ ማድረስ ነው።

በብሎካችን ያየሁት

ባለፈው ዓመት ስዞር አንዲት እናት የ6 ዓመት ወንድ ልጇን አሳየችኝ። የግራ ዓይኑ ወደ ፊት ወጥቷል። «ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ከሱቅ የዓይን ቅባት ገዝቼ እየቀባሁት ነው» አለችኝ። ከንፈሩ ነጥቷል፤ ቅልጥሙ ላይ ነጠብጣብ አለ። በዚያው ቀን አብረን ሄድን። ደሙ ሲቆጠር ነጭ ሕዋሱ ከልክ በላይ፣ ፕሌትሌቱ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ሪፈር ተጻፈለት።

አባትየው ግን እምቢ አለ። ልጁን ስለማይወድ አልነበረም። «እናቱ ከእርሱ ጋር ከሄደች ሌሎቹን አራቱን ማን ያያቸዋል? ራሽኑንስ ማን ይወስዳል? ደግሞ ካንሰር ከተባለ መዳን የለውም፤ ቢሞት እንኳ እዚሁ ከእኛ ጋር ይሁን» ነበር ያለው። እኔም ይህን ሁሉ የሚመልስ ቃል አልነበረኝም። ያን ጊዜ ጎረቤታቸው የሆኑት እማማ «ሁለቱ ትንንሾቹ እኔ ዘንድ ይደሩ፤ ወጥ እንደሆነ አንድ ነው» አሉ። የብሎኩ መሪ ለራሽኑ ሰው መደበ። አባትየው ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲህ ይሂዱ» አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ይህ ነው።

ከመጀመሪያው ዙር መድኃኒት በኋላ የልጁ ዓይን ወደ ቦታው ተመለሰ። ሕክምናው ገና አላለቀም፤ ድኗል ብዬ አልነግራችሁም። ነገር ግን ዛሬ ልጁ በሕይወት አለ፤ እናቱንም በሁለቱም ዓይኖቹ ያያታል። ቤተሰቡ ይህን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን አልጠራም።

ማድረግ የሌለብን ነገሮች

አንደኛ፣ የወጣውን ዓይን ወይም ቆቡን በጋለ ብረት መተኮስ፣ ማገምና መብጣት ፈጽሞ ይቅር። ፕሌትሌቱ ያነሰ ልጅ ከተበጣ ደሙ አይቆምም፤ ቁስሉም ያመረቅዛል።

ሁለተኛ፣ ቅጠል ጨምቆ፣ ወተት ወይም ሽንት ዓይን ውስጥ መጨመር ዓይንን ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ ይህን በተለይ አስምሩበት። በሱቅ የሚሸጠውን ዴክሳ ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን ለልጅ አትስጡ። ክኒኑ ትኩሳቱን ያበርዳል፤ ንፍፊቱንም ያሳንሳል፤ ልጁም የዳነ ይመስላል። በእርግጥም እነዚህ መድኃኒቶች ለአንዳንዱ የደም ካንሰር ከሚሰጡት መካከል ናቸው፤ ግን ብቻቸውን አያድኑም። ያለ ምርመራ ሲወሰዱ በሽታውን ይደብቁታል፤ ሐኪሙም ሲመረምር በትክክል ላያገኘው ይችላል። በሽታው ሲመለስ ደግሞ ለማከም የከበደ ሆኖ ይመጣል። ልጁ ወስዶ ከነበረ ሳትፈሩ ለሐኪሙ ንገሩ።

አራተኛ፣ ለሚደማ ሰው አስፕሪን አይሰጥ፤ መድማቱን ያብሳል። በየመንደሩ የሚወጋ መርፌም ይቅር፤ ፕሌትሌት ያነሰበት ጡንቻው ውስጥ ይደማል።

ጸሎታችሁን ጸልዩ፣ ዱአችሁን አድርጉ፣ ጠበላችሁንም ተጠመቁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። የምለምናችሁ ከሕክምናው ጋር ይሁን፤ በሕክምናው ፈንታ አይሁን ብዬ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ምን ይደረጋል?

ክሊኒክ ስትገቡ «ዓይኑን ያመዋል» ብቻ አትበሉ። «ዓይኑ ከዚህ ቀን ጀምሮ ወጥቷል፤ ትኩሳቱ ይመላለሳል፤ ነስር አለው» ብላችሁ ሁሉንም በተራ ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የወባ ምርመራ ብቻ ተደርጎ ከተመለሳችሁና ካልተሻለው፣ «ሙሉ የደም ቆጠራ ይታዘዝለት» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የመጀመሪያው ምርመራ ደህና ቢሆንም ዓይኑ ካልተመለሰ እንደገና ሂዱ፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩት እብጠቱ ደሙን ሊቀድም ይችላል።

በደም ቆጠራው ጥርጣሬ ከተገኘ ከመቅኔው ትንሽ ተቀድቶ ይመረመራል። ይህ በየቦታው አይሠራም፤ ስለዚህ ሪፈር ይጻፋል። ለምሳሌ በኤልዶሬት ያለው የሞይ ማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል የልጆች ካንሰር ያክማል። ሪፈር ሲጻፍላችሁ የጉዞ ፈቃዱን አብራችሁ ጠይቁ፤ የመታወቂያችሁንና የምርመራ ወረቀቶቻችሁን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ።

ሕክምናው ኬሞቴራፒ የሚባል መድኃኒት ነው። በልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት ከ2 እስከ 3 ዓመት ክትትል ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ይሻለዋል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያቋርጠውም ያን ጊዜ ነው። ካቋረጡት ግን የተደበቁት ሕዋሳት ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሀብታም በሆኑ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከመቶ 80 በላይ ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች ግን ከመቶ 30 እንኳ አይሞሉም። ልዩነቱን ከሚያመጡት ዋና ዋናዎቹ ዘግይቶ መድረስ፣ የምርመራና የመድኃኒት እጥረት፣ እንዲሁም ሕክምና ማቋረጥ ናቸው። መድኃኒቱን ማምጣት የእኛ አቅም ላይሆን ይችላል። ቶሎ መድረስና አለማቋረጥ ግን በከፊል በእጃችን ነው።

በቀስታ የሚሄደው የአዋቂዎች ዓይነትም ነጭ ሕዋሱ በዝቶ ደሙን ሲያወፍረው የዓይን መደብዘዝ ያመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኢማቲኒብ የሚባል በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ወጥቶለት ብዙ ሰው ለዓመታት ሥራውን እየሠራ ይኖራል። ስለዚህ ጋሼም ሆኑ እትዬ፣ «ዕድሜ ነው ያደበዘዘኝ» ብላችሁ ብቻ አትቅሩ።

ከአድማጮች የደረሱኝ ጥያቄዎች

«ይተላለፋል ወይ?» አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልብስ መዋዋስ አያስተላልፈውም። ልጁን ከጨዋታ አታግልሉት። ይልቁንስ ሌላ ሕመም ያለበት ሰው እርሱን እንዳያሲዘው እጅ ታጥባችሁ ቅረቡት።

«ቡዳ በልቶት ነው ወይስ እናቱ ያጠፋችው ነገር አለ?» ሁለቱም አይደለም። በሽታው የሚጀምረው መቅኔ ውስጥ ያለ ሕዋስ ሲበላሽ ነው። እናትን መውቀስ በሕመም ላይ ሕመም መጨመር ነው። ጎረቤትንም በቡዳ አንጠርጥር።

«ከወገብ ውሃ ሲቀዳ ሽባ ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው?» ይህን ፍርሃት ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። መርፌው የሚገባው ዋናው ኅብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። በዚያው መርፌ መድኃኒትም ይሰጣል፤ ምክንያቱም በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ወደ አንጎል ሽፋን በደንብ አይደርስም። ይህ ከታለፈ በሽታው እዚያ ይደበቅና በኋላ ይመለሳል።

«ደም ይሰጠዋል ወይ? ማን ይሰጣል?» ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል። ጤነኛ የሆናችሁ ወጣቶች ደም ለመስጠት ስትጠየቁ ቅረቡ። የምትሰጡት ደም በሰውነታችሁ ይተካል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታስተኙ ዓይናቸውን አንድ ጊዜ ተመልከቱ። ነገ በቀን ብርሃን የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ እዩ። አንዱ ዓይን ከሌላው ከወጣ፣ ብሌኑ ከነጣ፣ ማየቱ ከቀነሰ፣ ወይም ከዓይን ችግር ጋር ትኩሳት፣ መድማትና መገርጣት ካለ በብሎካችሁ ያለነውን የጤና ሠራተኞች ጥሩን፤ አብረናችሁ እንሄዳለን። ጎረቤታችሁ ሪፈር ከተጻፈለትም «ልጆቹን እኛ እናያለን» በሉት። ያቺ ቃል ልጅ ታድናለች።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ጤናችሁን ጠብቁ።